ምዕራፍ አራት፦ ከላጎን የመጣው ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1742 የሬቫል ከተማ አዛዥ የነበረ አንድ ጄኔራል ለሩሲያዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ አቤቱታ አቀረበ። ሬቫል የዛሬዋ ታሊን፣ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ናት። ጄኔራሉ የጠየቀው የመኳንንትነት ማረጋገጫና የቤተሰብ ዓርማ ነው። ማንነቱን ሲያስረዳ ትውልዱ ከአፍሪካ፣ ከዚያው አገር ታላላቅ ሰዎች ወገን እንደሆነ፣ የተወለደው አባቱ በሚገዛው ላጎን በተባለ ከተማ እንደሆነ፣ አባቱ ከላጎን ሌላ ሁለት ከተሞች በሥሩ እንደነበሩት ገለጸ። በልጅነቱ በራሱ ፈቃድ ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ እንደመጣም ጨመረ። ስለ ትውልድ ቦታው ራሱ የጻፈው፣ እስከ ዛሬም የሚጠቀሰው ቃል እነዚህ ጥቂት መስመሮች ናቸው።

ሰውዬው አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ነው። አብራም ኦሲፕን ወለደ፣ ኦሲፕ ናዴዥዳን ወለደ፣ ናዴዥዳ ደግሞ በ1799 ሞስኮ ውስጥ ገጣሚውን አሌክሳንደር ፑሽኪንን ወለደች። አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ ፑሽኪን አደባባይ የተሰየመው በዚሁ ሐረግ የተነሳ ነው። አስመራም ለገጣሚው ሐውልት አቁማለች። ሁለቱም ከተሞች የእኛ ልጅ ነው ይላሉ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በሰሜን ካሜሩን ያለች ከተማ የሁለቱንም ቃል የሚፈታተን ተሟጋች አግኝታለች። የአንድ ሰው ትውልድ እንዴት እንደሚመረመር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ሰነድ አለው፣ የቤተሰብ ወግ አለው፣ ሁለቱ በየቦታው ይጋጫሉ። በዚያ ላይ ከባለጉዳዮቹ መካከል እኛ ራሳችን አለንበት። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘር መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ቦታውን መጀመሪያ ከያዘው ከዋናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ሲያስረዳ ነበር። ቆጠራው በወንድም በሴትም ይሄዳል፤ ከአባት እናት፣ ከእናት አባት እየተሻገረ ይወጣል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን ዳሞት ውስጥ ኖሮ አጥንቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን አሠራር ውስጥ ውስጡን አሳይቷል። አንድ ገበሬ በየአቅጣጫው ብዙ ዋና አባቶች ስላሉት፣ አጥብቆ የሚይዘው መሬት አገኝበታለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግበትን ሐረግ ነው። ሌላው ችላ እየተባለ ይረሳል። የ1975ቱ (በእኛ 1967) የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቆጠራውም ባለቤት አጣ። ዛሬ ከአያቱ አባት በላይ መጥራት የሚችል ወጣት ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ ከርስት ክርክር የሚወረስ አንድ ጥበብ አለ። ክርክሩን የሚሰማ አስተዋይ ሽማግሌ የስሞቹን ዝርዝር ብቻ አይሰማም። ቆጣሪው ማን ነው? የቆጠረው መቼ ነው? ቆጠራው ቢሰምርለት ምን ያገኛል?

ጋኒባል በ1742 ያቀረበው አቤቱታ በዚህ ዓይን ሲታይ የርስት ጥያቄ ነው። የሚያገኘው መኳንንትነትን ነው፤ ከእርሱም ጋር መሬት፣ ገባር፣ ለልጆቹ የሚተላለፍ ስም። ስለዚህ «በራሴ ፈቃድ መጣሁ» የሚለውን ቃሉን አላምነውም። የዘመኑ የሩሲያ ወረቀቶች የሚሉት ሌላ ነው። በቁስጥንጥንያ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ፒዮትር ቶልስቶይና ነጋዴው ሳቫ ራጉዚንስኪ ለታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ጥቁር ልጆች አስገኝተው በ1704 ወደ ሞስኮ አስላኩ፤ አብራም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ተሽጦ የተገዛ ሕፃን ፈቃድ የለውም። የመኳንንትነት አቤቱታ የሚጽፍ ጄኔራል ደግሞ «ባሪያ ሆኜ መጣሁ» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። የመጣበትን ዓመትም 1706 ይለዋል፤ መዝገቡ ግን በ1705 መጀመሪያ ላይ ለአብራም ልብስ እንደተሰፋለት ያሳያል። ይህ ስህተት አያስገርምም። አገር፣ ቋንቋና ወላጅ በአንድ ጊዜ ያጣ ሕፃን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ዓመቱን ቢያዛንፍ ምን ይደንቃል?

ታዲያ ስለ አባቱ ከተማ የተናገረውስ? አባቱ ገዥ ነበር ማለቱ ለጥያቄው ስለሚጠቅመው በጥንቃቄ መያዝ አለበት። «ላጎን» የሚለው ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒተርስበርግ ውስጥ ላጎን የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙ ማንንም አያስደምምም፣ ለማንም ምንም አይጨምርም። ሊያስደምም የፈለገ ሰው አውሮፓ በዝና የሚያውቀውን አገር ይጠራ ነበር፤ እርሱ ግን አቢሲኒያንም ሆነ ሌላ ስመ ጥር መንግሥት አልጠራም። ባለጉዳይ የማይጠቅመውን ነገር ሲናገር ጆሮ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ በዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ ውስጥ በጽኑ የማምነው ይህችን አንዲት ስም ነው።

የኋላ ሕይወቱ በመዝገብ የተሞላ ስለሆነ ፈጠን ብዬ አልፈዋለሁ። በ1705 ቪልኒየስ ውስጥ ተጠመቀ፤ የክርስትና አባቱ ዛር ጴጥሮስ ራሱ ነበር። በ1717 ከዛሩ ጋር ፈረንሳይ ሄዶ እዚያው ቀረ። ፈረንሳይ ከስፔን ጋር ስትዋጋ ዘምቶ ራሱ ላይ ቆሰለ፤ ከዚያ ላ ፌር በነበረው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማረ። በ1723 ሲመለስ መሐንዲስና የሒሳብ ሰው ሆኖ ነበር፤ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ የጻፈውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በ1726 ለቀዳማዊት ካትሪን አበረከተ። ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ ሥልጣኑን የጨበጠው ሜንሺኮፍ በ1727 ወደ ሳይቤሪያ፣ እስከ ቻይና ድንበር አጠገብ አባረረው። የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ግን ቀኑ ወጣለት። ጄኔራልነትን፣ የሬቫልን አዛዥነትና በፕስኮፍ አውራጃ ሰፊ መሬት አገኘ። በ1781 ፒተርስበርግ አቅራቢያ በሱይዳ ርስቱ ላይ ሞተ።

ከዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ አንድ ነገር የለም፤ የአባቱ ስም። እኛ አንድን ሰው ስንጠራ ሁለተኛው ስም የአባቱ ነው፣ ሦስተኛው የአያቱ፣ እንዲህ እያለ ሐረጉ በስሙ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የሩሲያ ስምም የአባት ስም አለው። ነገር ግን «ፔትሮቪች» ማለት የጴጥሮስ ልጅ ሲሆን ያ ጴጥሮስ የክርስትና አባቱ፣ ዛሩ ነው። ወላጅ አባቱ መቀመጥ በነበረበት ቦታ ንጉሡ ተቀምጧል። «ጋኒባል» የሚለው የቤተሰብ ስም ደግሞ ከጥንቱ የካርታጎ ጦር መሪ ከሃኒባል የተወሰደ ነው፤ በወጣትነቱ አብራም ፔትሮቭ ይባል ስለነበር፣ ዘግይቶ ራሱ የመረጠው ይመስላል። ስለዚህ ከሦስቱ ስሞቹ ከአገሩ ሊመጣ የሚችለው አብራም፣ ማለትም ኢብራሂም፣ ብቻ ነው። የቤተሰቡ ወግ እንደሚለው ሲጠመቅ ጴጥሮስ የሚል ስም ሊሰጡት ሲሉ አልቅሶ እምቢ አለ፤ ዛሩም የቀድሞ ስሙን ተወለት። ይህ ወግ እውነት ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስሙ ግን እስከ ሞቱ አብሮት ኖሯል።

የቤተሰብ ወግ እንዴት እንደሚመረመር በዕድሜው እንጀምር። ወጉ በአንድ በኩል ቁስጥንጥንያ የገባው ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ነው ይላል፤ በሌላ በኩል በ1781 ሲሞት ዕድሜው ዘጠናን አልፎ ነበር ይላል። ቀላል መቀነስ ይበቃል። በ1781 ዘጠናን ያለፈ ሰው ከ1691 በፊት መወለድ አለበት፤ በ1703 ግድም ቁስጥንጥንያ ሲደርስ ቢያንስ 12 ዓመት ይሆነዋል። ሁለቱ አብረው አይቆሙም። አብዛኞቹ አጥኚዎች የልጅነቱን መረጃ መርጠው ልደቱን 1696 አካባቢ ያደርጋሉ፤ እኔም እስማማለሁ። የሽማግሌ ዕድሜ በልጅ ልጆች አፍ ሲያድግ በየቤታችን እናውቀዋለን። ጥንቃቄው ለወግ ብቻ አይደለም፣ ለድንጋይም ነው። ቪልኒየስ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጴጥሮስ በዚያ ጋኒባልን እንዳስጠመቀ የሚናገር ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ጽሑፉ ግን ጋኒባልን የፑሽኪን «አያት» ይለዋል። አንድ ትውልድ ጠፍቷል።

«አቢሲኒያ» የሚለው ቃል የመጣው አብራም ከሞተ በኋላ ነው። በጀርመንኛ የተጻፈ አጭር የሕይወት ታሪክ አለ፤ የሴት ልጁ ባል ሮትኪርህ እንደጻፈው ይታመናል። በዚህ ጽሑፍና በቤተሰቡ ወግ መሠረት አብራም የአቢሲኒያ ተወላጅ፣ የአንድ ባለ ብዙ ሚስት ሙስሊም መስፍን ልጅ፣ ከ19 ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነበር። ታላላቅ ወንድሞቹ አባታቸው ፊት የሚቀርቡት እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ነው፤ እርሱ ብቻ በአባቱ ግቢ ፏፏቴ ውስጥ እንደልቡ ይዋኛል። በመርከብ ሲወስዱት ላጋን የምትባል እህቱ እየዋኘች ተከተለችው፤ ሰጥማም ሞተች።

ይህን ታሪክ ያለ ኀዘን ማንበብ አልችልም። ከአንድ አዛውንት የልጅነት ትዝታ ተቆርሶ የመጣ ይመስላል፤ ሕፃን የሚያስታውሰው የዚህን ዓይነት ነገር ነው፣ ውሃን፣ እህትን፣ የታሰሩ እጆችን። መርማሪ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በ1742 ላጎን ከተማ ነበረች፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ላጋን እህት ሆናለች። አንድ ድምፅ ሁለት ሚና ይዟል። ወይ ልጆቹ ሲሰሙ ቀላቅለውታል፣ ወይ በጀርመንኛ የጻፈው ሰው፣ ወይ አዛውንቱ ራሱ። «አቢሲኒያ»ም የመጣው በዚሁ በተቀላቀለ አፍ በኩል ነው። በዚያ ዘመን በቁስጥንጥንያ የባሪያ ገበያ «ሐበሽ» የሻጮች መለያ ነበር፤ ከሌላው ጥቁር የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ቃሉ ልጁ ላይ የተለጠፈው በሻጭ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ከቤቱ ይዞት የመጣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ከጽሑፉ ብቻ መለየት አይቻልም።

ፑሽኪን የቤተሰቡን ወረቀቶች ያገኘው በእናቱ በኩል በመጣው ርስት ላይ፣ ሚኻይሎቭስኮዬ በግዞት ሳለ ነው። ርስቱ ኤልሳቤጥ ለአብራም የሰጠችው መሬት ክፍል ነበር። ከአብራም ልጆች በሕይወት የቀረው ሽማግሌው ፒዮትር በአቅራቢያው ይኖር ስለነበር ገጣሚው እየሄደ ይጠይቀው ነበር። ማንኛውም የዘር ሐረግ ፈላጊ መጀመሪያ የሚያደርገውን አድርጓል፤ በሕይወት ያለውን አረጋዊ ፈልጎ፣ ሳያልፍ በፊት ጠይቋል። ፒዮትር በ1826 ሞተ። ፑሽኪን ጥቂት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በሞቱ አብሮ ይቀበር ነበር። በ1827 ስለ ቅድመ አያቱ የጀመረውን ልቦለድ አልጨረሰውም። አብራም በፈረንሳይኛ የሕይወት ትዝታውን ጽፎ እንደነበርና በፍርሃት እንዳቃጠለው የመዘገበውም እርሱ ነው። ያ ወረቀት ቢተርፍ ይህ ምዕራፍ ባላስፈለገ።

ፑሽኪንም የራሱ ጉዳይ ነበረው። በ1830 ጋዜጠኛው ቡልጋሪን የገጣሚው ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ ሩም የተገዛ ነው ብሎ በጋዜጣ ተሳለቀበት፤ ፑሽኪንም ስለ ዘሩ በጻፈው ግጥም መለሰለት። የመስፍን ልጅ መሆን ለእርሱ የክብር ጉዳይ ነበር። አልፈርድበትም። እንዲህ የተሰደበ ሰው ስለ ቅድመ አያቱ ሲናገር ዝቅ አድርጎ እንዲናገር ማን ይጠብቃል? ምስክርነቱን ስንመዝን ግን ይህን ማስታወስ ይገባናል።

«አቢሲኒያ» በካርታ ላይ ነጥብ ያገኘችው ገጣሚው በተወለደ በመቶኛው ዓመት፣ በ1899 ነው። ሩሲያዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ላጎን ማለት ከመረብ ማዶ፣ በሐማሴን በኩል ያለው ሎጎ ነው አለ። ጊዜውን ልብ በሉ፤ ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ነው። የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ሩሲያ ስለ ኢትዮጵያ መስማት ትወዳለች። ከዚህ የከፋው ግን የአኑቺን ሌላው ምክንያት ነው። እንደ ፑሽኪን ያለ ተሰጥኦ ከ«ኔግሮ» ዘር ሊወጣ ስለማይችል ቅድመ አያቱ ሐበሻ መሆን አለበት የሚል የዘመኑን የዘር ንድፈ ሐሳብ ይዞ ተከራከረ። ይህን ለማንበብ ያማል። እኛ ለመቶ ዓመት ስንኮራበት የኖርነው ሐሳብ ከአንዱ እግሩ የቆመው ሌሎች አፍሪካውያንን በመናቅ ላይ ነው። ስለ ኢትዮጵያ መልካም የሚናገር ቃል ሁሉ ለኢትዮጵያ ክብር የተነገረ አይደለም።

የመልክዓ ምድሩ ክርክርም ጽኑ አይደለም። አብራም በተወሰደበት ጊዜ በኢትዮጵያ የነገሠው ቀዳማዊ ኢያሱ ነው። የቱርክ ሱልጣን ምፅዋን በ1557 ይዞ የነበረ ቢሆንም ደጋው የክርስቲያን አገር ነበር፤ ሦስት ከተማ የሚገዛ ባለ ብዙ ሚስት ሙስሊም መስፍን በሎጎ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው። ወንዙም አይስማማም። መረብ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚደርቅ ወንዝ ስለሆነ፣ መርከብም ሆነ ታንኳ ተከትላ የምትዋኝ እህት አይኖረውም።

ደራሲው ቭላድሚር ናቦኮቭ በ1964 የፑሽኪንን «ዩጂን ኦኔጊን» ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ሲያሳትም ስለ ጋኒባል ረጅም ጥናት አያይዞ ነበር። የአቢሲኒያን ሐሳብ አንድ በአንድ ፈትሾ በጥርጣሬ ካየው በኋላ፣ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ያለው አካባቢም ሊታሰብ እንደሚችል ጠቆመ። ይህን መስመር እስከ መጨረሻው የገፋው የቤኒን ተወላጁ ተመራማሪ ዲዮዶኔ ኛማንኩ ነው። በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ላጎን ማለት ሎጎኔ ቢርኒ ናት አለ፤ የኮቶኮ ሕዝብ የሱልጣን ከተማ፣ ዛሬ በሰሜን ካሜሩን የምትገኝ። ስሙ ይገጥማል። ከተማዋ በራሷ ገዥ የምትተዳደር ነበረች። ሎጎኔ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ነው፤ ኮቶኮዎች በታንኳና በዓሣ የሚኖሩ የውሃ ሰዎች ናቸው። የቻድ ሐይቅ አካባቢ ምርኮኞችም ሰሃራን ተሻግረው ትሪፖሊ፣ ከትሪፖሊ በባሕር ቁስጥንጥንያ ይደርሱ ነበር። አብራም ለዓርማው ዝሆን መርጦ ከሥሩ በላቲን አምስት ፊደል ያለው «ፉሞ» የሚል ጽሑፍ አስፍሯል። የኮቶኮ ቃል ነው የሚሉ አሉ፣ የላቲን ዓረፍተ ነገር ምህጻር ነው የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ብዙ ክብደት አልጭንም፤ በስም መመሳሰል የሚገነባ ሐሳብ ሎጎን ወደ ላጎን ካመጣው አካሄድ ያን ያህል አይርቅም። ወንዙ፣ ታንኳውና የከተማዋ ሥልጣን አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሚዛኑ ወደ ሎጎኔ ያዘነብላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስጽፍ የሚከፋ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ፑሽኪን የእኛ ነው እየተባለ ያደገ ሰው ከንባብ በኋላ አንድ ነገር የተነጠቀ ሊመስለው ይችላል። እኔ የተነጠቅነው የለም እላለሁ። ኢትዮጵያ የራሷን ገጣሚዎች ለማክበር የሩሲያ ገጣሚ ቅድመ አያት አያስፈልጋትም። የዚያ ሕፃን ጉዳይ ግን ይገደኛል። አንድ ልጅ ከቤቱ ተነጠቀ፣ ስሙ ላይ የሌላ አባት ስም ተጨመረበት፣ በሌላ ቋንቋ አደገ፣ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖሮ የተወለደበትን ከተማ ስም ጻፈ። ያንን ስም በእኛ ፍላጎት መተርጎም እርሱን ዳግመኛ ከቤቱ መውሰድ ይሆንብኛል።

ሳይንስ ይፈታው ይሆን? ዘመናዊው የዘረመል ምርመራ ሊረዳ ይችላል፤ መንገዱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም ከአብራም ወደ ኦሲፕ አልፏል፤ ናዴዥዳ ሴት ስለሆነች እዚያ ቆሟል። ፑሽኪን አልነበረውም፣ ዛሬ ያሉት የፑሽኪን ልጅ ልጆችም የላቸውም። ቅድመ አያት ለልጅ ልጅ ልጁ የሚያወርሰው አጠቃላይ ዘረመል በአማካይ ከመቶ 12.5 ነው፤ በየትውልዱ በግማሽ ስለሚቀንስ ዛሬ በየተወላጁ ውስጥ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። የፑሽኪን ሐረግ በሴት ልጁ በናታሊያ በኩል እስከ እንግሊዝ መኳንንት፣ እስከ ማውንትባተን ቤተሰብ ድረስ ደርሷል፤ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ የሚበጀው ከአብራም ወንዶች ልጆች አንዱን ተከትሎ፣ ሳይቋረጥ በወንድ ብቻ እስከ ዛሬ የወረደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝና ናሙናው ከኮቶኮዎችና ከመረብ ማዶ ሰዎች ናሙና ጋር ቢነጻጸር፣ የአባቱ ወገን ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ፍንጭ ይሰጣል። ከተማዋን ግን አይነግረንም። ሌላው መንገድ በኢስታንቡል ያለው የኦቶማን መዛግብት ነው።

እስከዚያው ድረስ የዚህን ሰው ሐረግ በሠንጠረዥ ብሠራ የምሞላው እንዲህ ነው። ስም፦ አብራም። ልደት፦ 1696 ግድም። የትውልድ ቦታ፦ ላጎን፣ ራሱ በ1742 እንደተናገረው፤ ምናልባት ሎጎኔ ቢርኒ። ሞት፦ ሱይዳ፣ 1781። እናት፦ አልታወቀችም። አባት፦ አልታወቀም።